ሰባት ነጥብ ያገኘው መርዶ

የአያ ፈንቴ መርዶ ሰባት ነጥብ አገኘ። በራሳቸው ደንብ አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘ መልእክት ገለባ ነው፤ ግሩፑ ላይ አይወጣም። ስለዚህ አላወጣሁትም።

መልእክቱ የደረሰኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ባለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ተቀምጬ የአንድ ሰውዬን ስልክ ሆድ ከፍቼ ሳለሁ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ወገኖቼ ትልቅ ሰው አጣን። አያ ፈንቴ አረፉ። ነፍስ ይማር። ያያችሁ ሁሉ ላላዩት አስተላልፉ።» ከሥሩ ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል። ቁጥሩን አላውቀውም። የላኪው ስም የለም፤ ሁለት ነጥብ። የት እንዳረፉ አይልም፤ አንድ። መቼ እንዳረፉ አይልም፤ አንድ። አስተላልፉ ይላል፤ ሁለት። የሚያለቅስ ፊት፣ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ አንድ። ደመርኩት፤ ሰባት። እንደገና ደመርኩት፤ ሰባት። በሕይወቴ በቁጥር እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

አያ ፈንቴን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ጤንነቴን ሊጠራጠር ይችላል። አይፈረድበትም። እሳቸውን ሳያውቁ ነጥቡን መረዳት አይቻልም።

ሰውየው ከመተማ በኩል ተሻግረው የመጡ ናቸው። መቼ እንደመጡ ማንም አያውቅም፤ ዓመቱን በትክክል ስለማያስታውሱ፣ በትክክል የማያስታውሱትን ነገር ደግሞ ስለማይናገሩ። ሥራቸው በእህል ገበያው ውስጥ ከአንድ ሐጅ ነጋዴ ዘንድ የሰሊጥ ናሙና ማውጣት ነበር። ሹል የብረት ቱቦ ይዘው ጆንያውን መሃሉ ላይ ይወጉታል፤ የወጣውን ሰሊጥ ትሪ ላይ ይዘረጉና ጠጠሩን፣ ጭራሮውን፣ የሞተውን ፍሬ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ነጥብ ይይዛሉ። ከጆንያው አፍ ላይ ዘግነው አያውቁም። «ጥሩውን ከላይ የማያደርግ ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ» ይሉ ነበር።

የለቀሙትን ገለባ ግን አይጥሉትም። በቁራጭ ወረቀት ጠቅልለው ከጆንያው አፍ ጋር ያስሩታል። ባለቤቱ መጥቶ፣ ጥቅሉን ፈትቶ፣ በዓይኑ አይቶ «ተማም፣ ልክ ነው» እስኪል ድረስ እዚያው ይቆያል። አንድ ቀን ሐጁ ራሱ ሰልችቶት፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ቆሻሻ ነው እኮ፣ ድፋው» አላቸው። አያ ፈንቴ ከኪሳቸው ጥሬ ሰሊጥ ቆንጠር አድርገው ቃሙ። ሲጠየቁ እንዲህ ናቸው፤ አላምጠው ሳይውጡ መልስ የለም፤ በዚህ ምክንያት ከእሳቸው ጋር ተጣልቶ የተሳካለት ሰው አላየሁም። ውጠው ሲያበቁ፣ «ካላየው፣ ጠጠር ነበረበት ስለው ለምን ያምነኛል?» አሉት።

መነጽራቸው በጥቁር ክር ከአንገታቸው ጋር ታስሯል። አንድ ነገር ሲነግሯቸው ከመነጽሩ በላይ አሻግረው ያዩና «ስንት ነው?» ይላሉ። ናፈቁኝ ቢሏቸው፣ ስንት ነው? ሙቀቱ ገደለን ቢሏቸው፣ ስንት ነው? ለማግባት ያሰብኳትን ልጅ ጉዳይ ሳማክራቸው «በዓይንህ አይተሃታል?» አሉኝ። ፎቶዋን አይቻለሁ አልኳቸው። «ሁለት ነጥብ» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። በኋላ ሌላ አገባሁ። ለባለቤቴ የሰጧትን ነጥብ አውቀዋለሁ፤ ለእኔ የሰጡኝን ባለቤቴ እስከዛሬ አልነገረችኝም።

ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስሙ «ወገን በገዳሪፍ» ነው። የትኛው እርሻ አራሚ ይፈልጋል፣ የትኛው መንገድ በዝናብ ተቆረጠ፣ ማን ወንድሙ ጠፍቶበት ይፈልጋል፣ ለዚህ ነበር የታሰበው። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ወሬው ከሰዉ ቁጥር በለጠ። ጠዋት ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ አፈሳ ጀመረ ይባልና ሰው ሥራውን ጥሎ ይደበቃል። ከሰዓት ውሸት ነው ይባልና ብቅ ሲል እውነተኛው አፈሳ ያገኘዋል። በዚህ መሃል የቅባት ሻጭ አለ፣ ሕልም ፈቺ አለ፣ ካናዳ አስገባለሁ የሚል አለ።

ነገሩ ያበቃው በእማማ ጥሩዬ ልጅ ነው። እማማ ጥሩዬ ወድ ኤል ሒለው በምትባለው ከተማ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ልጃቸው ጌጡ ለአጨዳ ወርዶ ነበር። ግሩፑ ላይ ጌጡ ሞተ የሚል ወጣ። ልቅሶ ተቀመጥን፤ እኔም አያ ፈንቴም በአውቶቡስ ሄደን አለቀስን። በሦስተኛው ቀን ጌጡ ራሱ ትልቅ ሐብሐብ ተሸክሞ ብቅ አለ። እናቱ ደጃፍ ላይ ድንኳን ሲያይ እናቱ የሞቱ መሰለው። ሐብሐቡን አስቀምጦ ከሰዉ መሃል ገብቶ ደረቱን እየደቃ ያለቅስ ጀመር። ሰዉም ሐዘን ላይ ስለነበር ማን እንደሆነ ልብ ሳይል ያጽናናው ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት አያ ፈንቴ ናቸው። ቀና ብለው ከመነጽሩ በላይ አዩትና «ጌጡ ነህ?» አሉት። «አዎ» አለ እያለቀሰ። «እንግዲያው አታልቅስ፤ የሞትከው አንተ ነህ።»

እማማ ጥሩዬ ልጃቸውን ሲያዩ ወድቀው አንድ ሳምንት ታመሙ። ገዳሪፍ ስንመለስ አያ ፈንቴ የሰሊጥ ደብተራቸውን አውጥተው «ያንን መልእክት እስኪ አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። ትሪ ላይ እንዳለ ሰሊጥ በጣታቸው እየነኩ አነበቡት። «ስም የለውም። ቦታ የለውም። ቀን የለውም። ደግሞ ለሌላው አስተላልፉ ይላል። ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ ነው የዘገናችሁት» አሉኝ። ደንቡን የጻፉት እዚያው ቆመው ነው።

ስም የሌለው ሁለት፣ ቦታ የሌለው አንድ፣ ቀን የሌለው አንድ። አስተላልፉ የሚል ሁለት። ካላስተላለፋችሁ እንዲህ ይደርስባችኋል የሚል ሦስት። ሰምቼ ነው የሚል አንድ። የሚያለቅስ ፊት አንድ። በዓይኔ አይቻለሁ ካለና ስሙን ከሰጠ ሁለት ይቀነስለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሩፑን ዘጋነው፤ አባላት ለእኛ ይልካሉ፣ እኛ መዝነን እናወጣለን። ገለባ የሆነውንም አያ ፈንቴ እንዲጠፋ አልፈቀዱም። ሌላ ደብተር ገዝተው እያንዳንዱን ከነነጥቡ ይገለብጡ ጀመር፤ የታገደበት ሰው መጥቶ ማየት ይችላል።

ብዙዎቹም መጡ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነበር። የፋሲካ ሰላምታው አምስት ነጥብ አግኝቶ ታግዶበታል።

«አያ ፈንቴ፣ ትንሣኤን ገለባ አሉት?»

«ትንሣኤው ነጥብ የለበትም» አሉ አላምጠው ሲጨርሱ። «ለአሥራ ሁለት ሰው አስተላልፍ፣ አለዚያ በረከት ይቀርብሃል ያልከው ነው።»

«አሥራ ሁለት እኮ የሐዋርያት ቁጥር ነው!»

«ሐዋርያት በእግራቸው ሄደው፣ ያዩትን ነው የተናገሩት። አላስተላለፉም።»

ዲያቆኑ ደብተሩን አገላበጠ፣ ከቅባት ሻጩ በታች መጻፉን አየ፣ ተናዶ ወጣ። ማታውን ግን አሥራ ሁለቱን ሰው ሰርዞ መልሶ ላከው፤ እኛም አወጣነው።

አንድ ጊዜ፣ ምንም ነጥብ የማይያዝበት መልእክት ይኖር ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። «በዚህ ሁሉ ዓመት ገለባ የሌለው ጆንያ ገጥሞኝ አያውቅም» አሉኝ። «የገጠመኝ ቀን ቱቦውን አስቀምጬ ቤቴ እገባለሁ።»

እንግዲህ ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። መልእክቱ በቀን መቶ ሲደርስ ድካሙ ሰለቸኝ። ስልኩ ራሱ እንዲደምር አደረግኩት። ቃላቱን ከነነጥባቸው አስገባሁ፤ አምስት የሞላው ያለ እኛ እጅ ወደ ገለባው ይሄዳል። ለአያ ፈንቴ ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ አላመጡ። «ፍጥነቱ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ገለባውን ግን ከሰዓት ከሰዓት እያየሁ እገለብጠዋለሁ።» እኔ በልቤ ሳቅኩ። ማሽን የለየውን ገለባ እንደገና በእጅ መጻፍ የሽማግሌ ነገር መሰለኝ።

በዚያው ክረምት ወባ ያዛቸው። ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሡም፤ ሁለት ቀን ገለባውን ያየ ሰው የለም። እኔ ልየው ብል ማን ከለከለኝ? በሦስተኛው ቀን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እየተንቀጠቀጡ ሱቄ ድረስ መጡና ስልኩን ዘረጉልኝ።

«ይህን አየኸው?»

«የፈጣሪ ያለህ ድረሱልን ልናልቅ ነው ለሁሉም አስተላልፉ» ይላል። ከሁለት ቀን በፊት የተላከ ነው።

«ስንት ነው?» አልኩ።

«ስድስት።»

«ታዲያ ገለባ ነው።»

«ገለባ ነው። ደውልና እንስማው።»

ደወልኩ። ያነሣው ድንበሩ አጠገብ፣ በፋሽጋ፣ የአንድ እርሻ ጠባቂ ነው፤ በዓረብኛ እየጮኸ ነገረኝ። ዘጠኝ አራሚዎች፣ ከጎንደር በኩል በዚያ ሳምንት የመጡ፣ ያሉበትን ቦታ ስም እንኳ ገና የማያውቁ። ባለቤቱ ትራክተሩን ይዞ ከተማ ወጥቶ፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ቀርቷል። እህል አልቋል፤ ወባ ገብቷል። መልእክቱን በጠባቂው ስልክ የጻፈው ከእነሱ አንዱ ነው።

ትራክተር ተከራይተን ሄድን። በዋልካው ላይ ግማሽ ቀን ፈጀብን። አያ ፈንቴን ይቅሩ ብላቸው አልሰሙኝም፤ ወባቸውን ይዘው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ስንደርስ ስምንት ሰዎች አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ዘጠነኛው ከዛፉ ማዶ ነው፤ የቀበሩት እኛ ከመድረሳችን በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ነው።

አያ ፈንቴ ከትራክተሩ ወርደው መጀመሪያ የጠየቁት ስሙን ነው። «ደሳለኝ» አሏቸው። የአባቱን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ የተዋወቁት መንገድ ላይ ነው። መልእክቱን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰዎቹ ወደ ዛፉ ማዶ አዩ።

ስምንቱን ጭነን ተመለስን። በማግስቱ ሱቄ መጥተው የገለባውን ደብተር ዘረጉ። መልእክቱን ገለበጡ። ነጥቡ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ስድስት ብለው ጻፉ፣ ሰረዙት፣ ደሳለኝ ብለው ጻፉ። ማሽኑን አጥፋው አላሉኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰሊጥም አልቃሙ።

«የፈራ ሰውና የሚዋሽ ሰው አጻጻፋቸው አንድ ነው» አሉ። «ሁለቱም ስማቸውን ይረሳሉ፤ ሁለቱም ለሁሉም አስተላልፉ ይላሉ። ልዩነቱ የሚሰማው ስትደውል ነው። ከዛሬ ጀምሮ ገለባ ሁሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደወልለታል።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ለቅባት ሻጩም?»

«ለቅባት ሻጩም። እሱም አንድ ቀን ሊፈራ ይችላል።»

የመጨረሻው ደንባቸው ይህ ነው። በነጋታው ቅባት ሻጩ ጋር ደወሉ፤ ደህንነቱን ጠየቁት፤ ደህና ነኝ አለ፤ ዘጉት። ሰውየው በሕይወቱ እንደዚያ ደንግጦ አያውቅም መሰለኝ፤ ለአንድ ወር ምንም አልላከም።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። የእህታቸው ልጅ እናኑ ከሰላ ከተማ ትኖራለች፤ መጥታ ወሰደቻቸው። አውቶቡስ ተራ ስሸኛቸው ሁለቱንም ደብተር አስረከቡኝ። አይዞዎት፣ ይድናሉ አልኳቸው። ከመነጽሩ በላይ አዩኝ። «ስንት ነው?» አሉ።

ከዚያ ነው ሰባት ነጥቡ የመጣው።

ማክሰኞ ዕለት ገለባ ውስጥ አራት መልእክት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሦስቱ ደወልኩ። ቅባት ሻጩ ደህና ነው፤ ስለ ልጆቹ ሁሉ አወራኝ። ለአራተኛው አልደወልኩም። ሰባት ነጥብ ውሸት ነው፣ ውሸታም ጋር ምን አስደወለኝ አልኩ። ረቡዕም አልደወልኩም። ከሰላ ወዳለው ወደ ራሳቸው ስልክ መደወል እችል ነበር፤ እሱንም አላደረግኩም። ረቡዕ ከሰዓት ጌጡ ለጥገና መጥቶ «አያ ፈንቴ እንዴት ናቸው?» አለኝ። «ደህና ናቸው» አልኩት። ያንን መልሴን በደንባቸው ብመዝነው መቼ የለውም፣ በዓይን ያየው የለም፣ እንዲያውም ሰምቼ ነው እንኳ አይባልም። ጌጡ ከሄደ በኋላ ፈርቻለሁ። የፈራሁት ስልኩን ነው።

ሐሙስ ጠዋት የገለባውን ደብተር ገለጥኩ፤ ማክሰኞ የጻፍኩት ሰባት ቁጥር ጎልቶ ይታያል። ብዙ ገጽ ወደ ኋላ ስገልጥ የደሳለኝ ስም አለ። ያኔ ደወልኩ።

«ሃሎ» አለች ሴት። ድምፁን አወቅኩት።

«እናኑ? ሸጋው ነኝ፣ ከገዳሪፍ።»

«አሁን ደወላችሁ?» አለችኝ።

መልእክትሽ ስም አልነበረውም አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር መናገሬን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«አውቃለሁ» አለች። «አዲስ ስልክ ነው፣ የጎረቤት ነው። እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት፤ ሰው እንደሚጽፈው። ኻሊ ግን ነግረውኝ ነበር፣» ኻሊ የምትለው አጎቴ ለማለት ነው፣ «'መልእክቱን ባታስተካክይውም ግድ የለም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደውላሉ፣ ደንብ አላቸው' ብለውኝ ነበር። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ወላሂ፣ ቀብሩን እስከ ረቡዕ ከሰዓት አቆየነው። ከገዳሪፍ ሰው ይመጣል ብለን።»

ከገዳሪፍ ማንም አልሄደም። መንገዱ ክፍት ነበር፤ አውቶቡስ ነበር። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ ዲያቆኑ፣ ጌጡ፣ እማማ ጥሩዬ፣ ከትራክተሩ ላይ የወረዱት ስምንቱ ሰዎች፣ ቢሰሙ ይሄዱ ነበር። እንዳይሰሙ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ለእናኑ ይህንኑ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ እሷም እንደ አጎቷ ናት።

«ወረቀት አለ» አለችኝ። «ሳይሞቱ አስጽፈውኛል። ለሸጋው ላኪው ብለው። ትራሳቸው ሥር ነበር፤ ትራሱን ማንሳት ስላቃተኝ ነው ያልላክሁት። ዛሬ አነሣሁት። ልላክልህ?»

ላኪው አልኳት። ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ።

«ስሜ እናኑ ነው። የአያ ፈንቴ የእህት ልጅ ነኝ። የምጽፈው ከከሰላ ነው። አጎቴ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ በቤቴ አረፉ። አጠገባቸው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የተጠራጠረ በዚህ ቁጥር ይደውልልኝ። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አያስፈልግም።»

ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ባዶ ትተውላት ነበር፤ እሷ ሞላችው።

መነጽር የለኝም እንጂ በእሳቸው መንገድ፣ በጣቴ እየነካሁ አነበብኩት። ስም አለው። ቦታ አለው። ቀን አለው። አስተላልፉ አይልም፤ እንዲያውም አታስተላልፉ ይላል። የሚያለቅስ ፊት የለበትም። በዓይኔ አይቻለሁ ስላለች ሁለት ይቀነስላታል። ከዜሮ በታች ሁለት ሆነ። ግሩፑ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶን አያውቅም።

ወዲያው አላወጣሁትም። አንድ ነጥብ ባገኝበት፣ አንዲት ጠጠር እንኳ ብትወጣው ብዬ ሱቄን ዘግቼ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ለቀምኩት። እያለቀስኩ ለቀምኩት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ገለባ እንደሌለበት አመንኩና አወጣሁት።